ስንዝር በስንዝር

ከጣርማ በር ቁልቁል ጭነት ሲንደረደር፣
የደብረ ሲናን ጉም ያስነጥሰው ነበር።
ከመታጠፊያው ሥር ትምህርት ቤታችን አለ፤
መምህር ዘርጋው ቆሞ «ገበሬው በሬውን...» እንዳለ
ፍሬኑ ያጓራል፣ ግሡን መኪና ይበላዋል።
ጠመደ ይሁን አረደ ማንም ሳይለየው፣
ልጁ በየደብተሩ የመሰለውን ጻፈው።

እኔ አናጢ ነኝ። ሱቄ ከአጥሩ ማዶ፣
ባሕር ዛፍና ጥድ እንደ ሙክት ታርዶ
የሚበለትበት፣ ከአስፋልቱ ዳር።
አንድ ቀን መጣች፣ ጫማዋን ጭቃ ውጦት፣
የጋሽ ሸዋቀና ልጅ፣ መቅደላዊት፣
ዩኒቨርሲቲ ከርማ፣ ብብቷ ሥር ወረቀት፤
«አጥር ይሥሩልኝ» አለች።
«ምን ዓይነት?»
«ቀዳዳ የበዛበት።»

ሳቅሁ። «ልጄ፣ ቀዳዳ አጥር ለጅብ ነው፤
ይልቅ ድንጋይ ካቢ፣ ወፍ እንዳያልፍ ድፈኚው።»
«ግንብ ብንገነባ ቁልቁለቱ ይናዳል፤
ጎርፉም ነፋሱም ይለፍ፤ ጩኸቱ ብቻ ይታገዳል።»

ወረቀቷን ዘረጋች። ነጠብጣብ ብቻ፣
ረድፍ ከረድፍ ኋላ፣ እንደ ዳማ ጠጠር።
«ከግንድ እስከ ግንድ ስንዝር፤ ከዚያ አንድ ጣት አይለፉ።
አንዱ ግንድ ትንሽ ይመልሳል፣ ሌላውም ትንሽ፣ ያኛውም፤
የሚመጣው ከሚመለሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጋጥሞ
እዚያው ይቀራል፣ እንደ ጠበኛ በገላጋይ መሀል ደክሞ።
ዝም የሚያሰኘው ግንዱ አይደለም፣ ጋሼ፤ ርቀቱ ነው።»

ይህን ከማን ልማር? ሠላሳ ዓመት ገጥሜ ነው የኖርሁ፤
በሬ ብርሃን ካሳለፈ እንቅልፍ አጣለሁ።

ስድስት ረድፍ ተከልን። ባሕር ዛፉን እኔ ላጥሁ፤
እሷ ወፍራም ቧንቧ በጎኑ ሰነጠቀች፣
ስንጥቁን ወደ መንገድ አዙራ አቆመች፤
«ጉርምርምታው ይግባና መውጫው ይጥፋው» አለች።
ሰው አላገጠብን። የወይዘሮ በላይነሽ ፍየል
ከሁሉ ቀድማ ልታልፍ ገብታ፣ በቀንዷ ተይዛ ቀረች።

ሲያልቅ አንድ ተሳቢ ከላይ ወረደ።
ትንፋሻችንን ይዘን ጠበቅን።
አልሞተም ጩኸቱ፣ አልዋሽም፤ ግን አረጀ፤
ጥርሱ እንደ ረገፈ አንበሳ በግንዶቹ መሀል ጃጀ።
መምህር ዘርጋው «ገበሬው በሬውን ጠመደ» አለ።
ሙሉውን።
በሬው ከመታረድ ተረፈ።

በማግስቱ የኤሌክትሪክ መጋዜን አስነሳሁ።
መቅደላዊት መጣች። መለኪያዋን አየች፤ እኔን አላየችም።
«ስንዝሩ የተለካው ለጭነት መኪና ነው።
የእርስዎ መጋዝ ቀጭን ነው፣ ጋሼ። በመሀሉ ሾልኮ ያልፋል።»
ቅር እንዳይለኝ ነው መሰል፣ ይህን ቀስ ብላ ነገረችኝ፣
ሞተሩን አጥፍቼ «ምን አልሽ?» እስክል ድረስ።

ለካ ግሡን መኪና ሲበላ
ቅጽሉን ስበላ የኖርሁት እኔ ነኝ።

«ለእኔስ ስንት ረድፍ ይበቃል?» አልኋት።
«ለእርስዎማ ሰዓት ይበቃል» አለች፤
የትምህርት ቤቱን ደወል በአገጯ አሳየችኝ።

እና አሁን ዘጠኝ ተኩል እስኪደወል
መጋዙ ሸራ ለብሶ ይተኛል።
በእጄ እልጋለሁ፤ መላጊያው ሹክ ይላል፤
ፍቅፋቂው ተጠቅልሎ እግሬ ሥር ይወድቃል።
ገንዘቡ ቀንሷል፣ እሱን አልደብቅም፤
ሚስቴም አልደበቀችኝም።
ጉሙ በግንዶቹ መሀል ይገባል፣ ይወጣል፣ ማንም አይለካውም።
አንዳንዴ «እናቲቱ ልጇን...» ሲባል እሰማና
እጄ ሳንቃው ላይ እንዳለ ይቆማል።
እስኪመጣ እጠብቃለሁ።
ግሡ ይመጣል።