የቁልፍ ሠሪው የይለፍ ቃል

ሱቄ ፖርቶ ነው፣ ቦንፊም ሠፈር፣ ቁልቁለቱ አጋማሽ፣
ከኢዳሊና ዳቦ ቤት ጎን፣ ሰው ከሁለት የማታስቀምጥ ትንሽ።
አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ናስ ሞርጃለሁ፣
ባለቤቱ የተቆለፈበትን በር ከፍቻለሁ።
ስለዚህ በሁሉም ነገር ላይ አስተያየት አለኝ፣
ማንም ባይጠይቀኝ።

በአሻራ የሚከፈት በር? እሱስ ይቅርብኝ፤
ጣቴን ሞረድ በልቶታል፣ የገዛ ስልኬ እንኳ «ማነህ?» ነው የሚለኝ።
የይለፍ ቃል በየወሩ ለውጡ ይላሉ፤
ለውጠው ለውጠው ሰዎቹ የት ይጽፉታል ትላላችሁ?
በቢጫ ወረቀት፣ ከኮምፒውተሩ ግንባር ለጥፈው፣
ከሥሩ አስምረው።
የኢዳሊናን አውቀዋለሁ፤ የውሻዋ ስም ነው፤
ውሻው ከሞተ ስድስት ዓመቱ፣ ስሙ ግን ዛሬም ዘብ ነው።

አፕዴት የሚሉትስ? እሱ ሌሊት ይመጣል፣
እንደ ደግ እንግዳ ቤቱን አስተካክሎ ይሄዳል፤
ጠዋት ማንኪያው የት እንደገባ ማን ያውቃል?

ሐሙስ ማታ ዲኒስ መጣ፣ የኢዳሊና የልጅ ልጅ፣
እንደ ወትሮው ሳይንጫጫ ቆመ ከደጅ።
ሰይፉን ተሰርቋል።
የጌም ሰይፍ ነው፤ ስለት የለው፣ ሰገባ የለው፣
ስምንት ወር ዘንዶ ገድሎ፣ እንቅልፉን ሽጦ ያገኘው።
አንዱ በቻት መጥቶ «ላሳምርልህ» አለው፤
«እንደ መብረቅ ይበራል፣ አንድ ደቂቃ ስጠኝ» አለው።
ሰጠው።
ደቂቃዋ እስካሁን አላለቀችም።

እናቱ ሳቀች፤ «የሌለ ነገር እንዴት ይሰረቃል?»
አያቱም ሳቀች፣ እጇ ሊጥ እንደያዘ።
ቁልፍ ሊያስቀርጽ የቆመው ደንበኛ እንኳ፣ ሳይገባው፣ አብሮ ሳቀ።
እኔ አልሳቅኩም።
የናሱን ብናኝ ከጠረጴዛው ላይ ጠረግኩ፣
ንጹሑን ቦታ እንደገና ጠረግኩ።

መጋቢት ላይ መልእክት መጥቶልኝ ነበር፣ ከማላውቀው ቁጥር፦
«አባዬ፣ ስልኬ ውሃ ገባበት፣ የድሮው ይቅር፤
የቤት ኪራይ ዛሬ ነው፣ ባንኩ አልከፍት አለኝ፣
ሰባት መቶ ሰማንያ ዩሮ፣ እስከ ሰኞ ድረስልኝ።»
ልጄ አቢልዮ ሉክሰምበርግ ነው፣ ጣሪያ ይመታል፤
ከገና ወዲህ አልደወለም።
ደግሞም «አባዬ» አይለኝም፤ «ሽማግሌው» ነው የሚለኝ፣
ጢሙ ሳይበቅል ጀምሮ።
ያን ቃል ሳየው ታዲያ ሃያ ዓመት የጠፋ ዕቃ
በፖስታ የደረሰኝ መሰለኝ፤
ዋጋውን ማን ይከራከራል?

አርባ አንድ ዓመት የሰው በር የከፈትኩ ሰውዬ፣
በሦስት ፊደል ተከፈትኩ፦ «አባዬ»።

ፖሊስ ጋ አልሄድኩም። ሄጄስ ምን ልበል?
«ቁልፍ ሠሪ ተዘረፈ፤ በሩን የከፈተው ራሱ ነው» ልበል?

ይኼን ሁሉ ለዲኒስ ነገርኩት፣ መዝጊያውን ገርበብ አድርጌ።
አፉን ሸፍኖ ሰማኝ። አልሳቀም። ቀጥሎ፣ እንደ ሐኪም፦
«ልጅህ ብቻ የሚያውቀው ጥያቄ አለህ?
ሌላ ጊዜ መልእክት ሲመጣ፣ መጀመሪያ እሱን ጠይቅ።»
አሰብኩ።
ልጄ ብቻ የሚያውቀው ነገር፤
እኔ የማውቀው፣ እሱም የሚያውቀው፣ ሌላ ማንም የማያውቀው።
ሁለት ቁልፍ እስክቀርጽ ድረስ አሰብኩ፣
ሁለተኛውን አበላሸሁት።

በድሮው ቁጥር ደወልኩ።
«ሽማግሌው? ማን ሞተ?»
«ማንም አልሞተም። ስልክህ ውሃ ገብቶበት ነበር?»
«ኧረ የለም። ለምን?»
«ደህና።»
አልዘጋም። እኔም አልዘጋሁም።
ከጀርባው መዶሻ ይሰማል፣ ነፋስ ይሰማል፣
አንድ ሰው በማላውቀው ቋንቋ ሚስማር አምጡ የሚል ይመስላል።
ዲኒስ ክርኔን ጎሸም አደረገኝ፣ «ጥያቄውን! ጥያቄውን!»
ዝም በል አልኩት በዓይኔ።
ይኼን ድምፅ ከሕፃንነቱ አውቀዋለሁ፣
ሲሳል እንኳ ከሺህ ሰው መሃል እለየዋለሁ።

ዲኒስ ግን ስልኩ ሲዘጋ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?
«አሁን እኮ ድምፅም በማሽን ይሠራል፤
ሳሉም ሳይቀር።»

በዚህ ላይ አስተያየት የለኝም።