ሜዳ ፍለጋ

ጎንደር ላይ መኪና ተስተካክሎ አይቆምም፤
ድንጋይ ሳይደገፍ ያደረ ጎማ የለም።
አራዳ ካደረች ግንባሯ ወደ ላይ፣
ቀሃ ዳር ከቆመች ጭራዋ ነው የሚታይ።
ሊቤሎው የሚያወራው ስለ ተዳፋቱ ነው፤
ዘይት ለካሁ የሚል፣ ዳገት የለካ ሰው።

እኔ ይህን ሳላውቅ፣
ከአዘዞ ስመለስ፣ ሞተሩ እንደ ጋለ፣
ፒያሳ ቆምኩና ሚኒሞ ላይ ሳለ፣
ትንሽ ቀይ ኩስኩስት፣ ጠብታ ያንጠለጠለች፣
ቦግ እልም፣ ቦግ እልም፣ «ዘይት! ዘይት!» አለች።
ገዛሁ፤ ጨመርኩላት። በሳምንቱ ደገመ።
ደረሰኙ ሁሉ ኪሴ ውስጥ ታደመ።

የሻረግ ግን መጣች፣ ባለመኪናዋ፣
የባንኩ ወረቀት ሞልቶ ከቦርሳዋ።
ኮፋኖ አስከፈተች፤ ሊቤሎውን መዘዘች፣
በሶፍት ጠረገች፣ ከተተች፣ ደግማ መዘዘች።
ከላይኛው ጭረት አንድ ጣት አልፏል ዘይቱ።
«ሞልቶ የተረፈ! የታል እጥረቱ?
ይህን ሁሉ ጣሳ ማን ጠጣልህ?» አለች።
ሌባ አላለችኝም። ሌባ ብትለኝ ይሻል ነበር።
ሊቤሎውን ቀስ ብላ ቦታው መለሰች።

«ያበጠው ይፈንዳ!» ቁልፉን ወረወርኩ።
የቤት ኪራይ አለ። ጎንበስ ብዬ አነሳሁት፤ አፈርኩ።

ሁለት ምስክር ቆመ በአንድ ሞተር ጉዳይ፤
ብረቱ «ሞልቻለሁ»፣ መብራቷ «ጎደልኩ» ባይ።

«ዳኛ ነው የሚያስፈልግ» አለች፤ ሄድን አዘዞ፣
መካኒክ ቢረሳው አገኘን፣ ዳቦ ይዞ።
ኮፋኖ ሳይከፍት «መጀመሪያ ሜዳ» አለ፤
«ተዳፋት ላይ ቆሞ እውነት የሚናገር የታለ?»
የጋራዡም ግቢ ወደ በሩ ያዘነብላል፤
ወደ አየር ማረፊያው ወጣን፤ እዚያ ለጥ ይላል።
ግማሽ ውሃ ያለው ጠርሙስ ወለሏ ላይ አጋደመ፣
አረፋዋ መሀል እስክትረጋ ቆመ።
«ዘይቱ ይጠራቀም» ብሎ ዳቦ ቆረሰ፤
ሩብ ሰዓት ዝም አልን፤ ዳቦው ተጨረሰ።
መዘዘው። አሁንም ከጭረቱ በላይ።
የሻረግ እኔን አየች፤ እኔ ወደ ሰማይ።

ቡልቦውን ቀየረ፦ «አንዳንዴ ይዋሻል።»
መብራቷ ያው በራች። ቡልቦው ንጹሕ ኖሯል።
ማኖሜትሮ አሰረ። ሲነሳ መርፌው ጥሩ፤
ሲግል ግን ወረደ፣ ወረደ፣ እስከ ዜሮ ድንበሩ።

ያኔ ሊቤሎውን አፍንጫው ላይ ያዘ።
በሁለት ጣት አሸ። ከደረሰኞቼ አንዱን ወሰደና
ጀርባው ላይ ጠብታ ጣለ።
ጥቁሩ መሀል ቀረ፤ ዙሪያውን፣ እየሰፋ፣
የገረጣ ቀለበት ወጣ፣
ዝናብ ሊመጣ ሲል ጨረቃን እንደሚከብባት።

«ናፍጣ ነው» አለ። «አንዱ ኖዝል ያንጠባጥባል፤
በፒስተን ጎን ሾልኮ ኮፓ ውስጥ ይወርዳል።
ልኩ ያድጋል እንጂ ዘይቱ ቀጥኗል፤
ብሮንዚኒው ደረቅ ሊሆን ምን ቀርቶታል?
ይኼ ውፍረት አይደል፣ እብጠት ነው፤ ምስክሮቹም አልዋሹም።
ብረቱን ‹ስንት ነው?› አላችሁት፤
‹ምንድን ነው?› አላላችሁትም።»

የእኔም ጣሳዎች እዚያው ነበሩ ለካ፣
ሰምጠው፣ ናፍጣ ጠጥተው።
ያበጠው ይፈንዳ ያልኩት ትዝ አለኝ፤
አንድ ሳምንት ብነዳ ይኸው ሊፈነዳልኝ።

ዘይቱን አወረደው። እንደ ውሃ ቀጥኖ ወረደ፤
አሮጌ ባልዲ ሞልቶ መሬቱን አረጠበ።
የሻረግ ይቅርታ የሚባል አልወጣትም።
«ኖዝሉ ስንት ነው?» አለች።
ቢረሳው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

በማግስቱ ማለዳ፣ ማራኪ፣ ከወፍጮ ቤቱ ፊት፣
ሜዳ የምትመስል ቦታ ላይ አቁሜ ስጠብቃት፣
መጣች። ኮፋኖ ከፈተች። መዘዘች፣ ጠረገች፣
ከተተች፣ ደግማ መዘዘች።
ጭረቱን አላየችም።
ዐይኗን ጨፍና አሸተተችው።

አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ጥቁር ነጥብ ቀረ።
አልነገርኳትም።