እንግዳ ነኝ ይላል

ሻለቃ ፔንሮዝን ያመጣው መኪና
ጎማው ተንፍሶበት ቆመ ደብረ ሲና።
ሐምሌ ሠላሳ ሦስት። ጉም ከጣርማ በር ወርዶ
የቆሎ ሻጮቹን ፍም እንኳ ሸፍኗል፤
በዚያ ሁሉ ብርድ ቁምጣ የታጠቀ
ጉልበቱ የቀላ አንድ ሰው ቆሟል።
«እንግሊዝኛ የሚያውቅ?»
እጄን አወጣሁኝ።
ኤደን ወደብ ሳለሁ ከከሰል ጫኞች ጋር
የለቀምኋት ቋንቋ ለእንጀራ አበቃችኝ።

ጣሊያን ጥሎት ከሄደው ቢሮ ገባና
ለአንዱ የቆመውን ዘንግ ለሌላው አቀና።
መዝገብ ዘረጋ፤ ማኅተም አወጣ፤
ጠመንጃ ይቆጠር፣ ወፍጮ ይመዝገብ፣
ጀምበር ከጠለቀች ሰው ደጅ አይውጣ።

ማታ ውስኪ ሲቀምስ አፉ ይፈታል።
መቶ አለቃ ሳለ፣ ኬንያ ደጋው ላይ፣
«እንዲህ ያለ ጉም ነው፣ እንዲህ ያለ ሰማይ፣
ገብስ የሚወድ አፈር። ሰንሰለት ዘርግተን
ለነጭ ገበሬ ሰጠን ሸንሽነን»
ይለኛል፣ ፒፓውን እየቆሰቆሰ።
«የነበሩትስ ሰዎች?»
«አሉ እንጂ፣ እዚያው ናቸው። ያርሳሉ።»
አለና ለራሱ ጨምሮ አፈሰሰ።

ያርሳሉ።
ቃሏ እንደ ሥጋ ጅማት ጥርሴ ውስጥ ተሰካች፤
ምላሴን ሌሊቱን እንቅልፍ ነሳች።

እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ከወይራው ሥር
አገሩን ሰብስቦ ተነሣ ሊናገር።
ቀኛዝማች በሻህ ውረድ ካባ ደርበው ከፊት፣
ባለ ወፍጮዋ አትጠገብ ክንዷን አጣጥፋ ከኋላ።
«ከዛሬ ጀምሮ ይህ አገር
በእኔ ሥር ይተዳደራል» አለ።
ሕዝቡ ወደ እኔ ዞረ።
ከባርኔጣው ጠርዝ ዝናብ ጠብ ጠብ ይላል።
ጉሮሮዬን ጠረግሁ፦
«እንግዳ ነኝ ይላል።»

ጸጥ። ከዚያ ዕልልታ።
«ምነው ቀድሞ በነገረን!» አሉ ቀኛዝማች፣
«ቤት ለእንግዳ አይደል?»
ሻለቃው ገረመው፤ ግዛት እንዲህ ቀላል!
መዝገቡ ላይ ጻፈ፦ ሕዝቡ እሺ ይላል።

ጠመንጃ አምጡ ሲል፣ «በእንግዳ ፊት መሣሪያ
አይታይ፣ ደብቁት ይላል» አልኋቸው።
በማታ አትውጡ ሲል፣ «ጅቡ አሳስቦታል፣
ለእናንተ ፈርቶ ነው» ብዬ ነገርኋቸው።
በፍልሰታ ጾም እንኳ እንቁላል መጣለት፤
የጓሳ ማር መጣ፣ ሙክት ተጎተተለት።
እርሱ በግብር ዓምድ አንድ በአንድ ይጽፈዋል፤
አምጪው «የእግዜር እንግዳ» እያለ ያልፈዋል።

እንግዳ ግን ዕድሜ አለው።
በመጣበት ቀን ወርቅ፣ ሲያድር ብር ይሆናል፣
ሲሰነብት ደግሞ ብረት ነው ይባላል።
ቀፎ በሚቆረጥበት በጥቅምት ማሩ ቀረ።
በኅዳር እንቁላሉ።
በታኅሣሥ ቀኛዝማች ከበቅሏቸው ሳይወርዱ
«ጠይቅልኝ» አሉ፣
«እንግዳችን መቼ ነው መንገዱ?»

ይህን ቃል ሳልነካ እንዳለ ሰጠሁት።
«እንግዳ? እንዲያ ነው የምትሉኝ?»
«ከመጀመሪያው እሑድ ጀምሮ፣ ጌታዬ።»
መዝገቡን ገለጠ። ጣቱ በግብሩ ዓምድ
ከላይ እስከ ታች ወረደች፤ እንቁላል፣ ማር፣ ሙክት፣
እንቁላል። ይቆጣኛል ብዬ በሩን አየሁት።
«ኬንያ አስተርጓሚ አልነበረንም» አለኝ፣
ሌላ ምንም አላለኝ።

በጥር ሄደ። ሲሄድ
የአትጠገብን የወፍጮ ሞተር አስነቅሎ
መኪናው ላይ ጫነው፣ የጦር ምርኮ ብሎ።
«ምን አለ?» አለችኝ።
ወር ሙሉ ያልነጠፈች ምላሴ ተሳሰረች።
«እንግዳ ሲሄድ... ስንቅ ይይዛል ይላል።»
ዓይኔን አየችና፣
«ይህንንስ አንተ ነህ ያልኸው» አለች።

ማንም አልፈረደብኝም። ብቻ ሁለት ዓመት
ቅዳሜ በመጣ ገብሷን በአህያ ጭኜ
ሮቢት ቆላ ወርጄ፣ አስፈጭቼ፣
በጨለማ ዳገቱን ወጣሁ ዱቄት መስዬ።
በር ላይ ትጠብቀኝና ጆንያውን ስትቀበል
እስከ ዛሬም፣ እንደዚያ ቀን፣
«ምን አለ?» ትለኛለች።
ዛሬ ዛሬ ያለውን እነግራታለሁ።