ያልተሰቀለው ከረጢት

የቺሎዌ ዝናብ፣ ስድስት ቀን ሳያባራ፣
ሌሊቱን ይደልቃል በሆስፒታሉ ጣራ።
በሦስተኛው አልጋ፣ በመስኮቱ ጥግ፣
ዶን ኤርሞሄኔስ አለ፣
ትንፋሹን በቁጥር የሚሰጥ እንደ ንፉግ።
ዛጎል ለቃሚ ነው፣ ከባሕር ሥር ጠላቂ፣
ዛሬ ግን በአልጋው ላይ የጣሪያ ጠባቂ።

ስምንት ቀን ሲያስታውክ፣ ስምንት ቀን ሲያስመልስ፣
የሆዱ ኮምጣጣ ተንጠፍጥፎ እስኪጨርስ፣
ደሙ ወደ ሳሙና ውኃ አዘነበለ፣
ጣቱ እንደ መንጠቆ ተቆላምሞ ዋለ።
ጨው ውኃ ሰጠነው፣ ፖታሲየም ሰጠነው፤
ላቦራቶሪው ግን «ገና ነው» አለን፣ «ገና ነው»።

በዘጠኝ ሰዓት ሌሊት ትእዛዝ ወረደ፣
የዶክተሩ ፊርማ እየተንጋደደ፦
አሞኒየም ክሎራይድ፣ አሲድ የሚመልስ፣
ደሙን ወደ ልኩ ቀስ አርጎ የሚያደርስ።
እኔ፣ የአራት ወር ተለማማጅ፣ ችኩል፣
ከረጢት አቀረብኩ፣ ሰበርኩኝ አምፑል።

«አስቀምጠው» አለችኝ ኤዱቪሂስ ማንሲያ፣
«ሰው እንጨት አይደለም፣ የከረጢት መስቀያ።
ይህ ነገር ሲፈጥን ደም ሥር ይለበልባል፣
ልብ ይዘገያል፣ ሰው ይደነባበራል።
በዝግታ ይውረድ፣ ጠብታው ይቆጠር፣
ክንዱ ይታይ፣ እንዳይቀላ፣ እንዳያር፤
ትንፋሹ ይለካ፣ ሽንቱም በወረቀት፣
ፖታሲየሙም ይታይ በየሰዓት በየሰዓት።
ይህን ታውቀዋለህ፣ ተፈትነህበታል።
ግን አሞኒያውን ማን ያሳልፈዋል?»

መልሱን አውቀው ነበር።
ምላሴ ላይ ጠፋ።

የእጅ ባትሪ ይዛ ሄደች ወደ አልጋው፣
የዓይኑን ቆብ ገለጠች፣ ጠጋ ብላ አየችው።
ነጩ ነጭ አልነበረም፤
ያሮጌ ጋዜጣ ቀለም።
ሚስቱን፣ ዶሚቲላን፣ በሹክሹክታ ጠየቀቻት፦
«የፖም ጠጅ ይወዳል?»
ሴትዮዋ የሻርፗን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች፣ ፈታች።
«በቀን አንድ ገንቦ፣ ወንድሙ ባሕር ከቀረ ወዲህ።
ለሐኪሙ ‹አልፎ አልፎ› ነው ያለው። አፍሮ።»

«በረኛው ጉበት ነው» አለችኝ ስትመለስ፣ «ጉበት ነው በረኛው፤
እሱ ደክሞ ሲተኛ፣ አሞኒያ ሌባ ነው።
ደረጃውን ወጥቶ፣ ገብቶ ላይኛው ቤት፣
መብራት ያጠፋል፣
ያስረሳዋል የልጁን ስም፣ የሚስቱን ፊት።»

ደወለች። ዶክተሩ ዝም አለ።
በስልኩ ውስጥ የእሱም ሰፈር ዝናብ ይሰማ ነበር።
«ይሰረዝ» አለ፣ እንቅልፍ ባሻከረው ድምፅ፣
«ጨው ውኃው ይቀጥል፣ ፖታሲየሙም። ጠዋት አየዋለሁ።»
ቃሉን ደግማ አነበበችለት፤
ጻፈች፣ ሰዓቱን ጨመረች፣ ፈረመች።

ከረጢቱን ወስጄ ማስወገጃው ላይ ደፋሁት።
ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፣
ከጨው ውኃው በምን ልለየው?
እኔ ደግሞ ሰው የሚጎዳ ነገር
ሲጎመዝዝ ያስታውቃል ብዬ ነበር።
በመዝገቡ ላይ፣ በስሜ ፊት ለፊት፣
የመጀመሪያዬን «አልተሰጠም» ጻፍኩበት።

ሊነጋ ሲል ዶን ኤርሞሄኔስ
አንድ ጣቱን ዘረጋ፣ አመልካቹን፣ ወደ መስኮቱ።
«አባራ እንዴ?» አለኝ።
አላባራም።