ሳይመዘን

አሞራ ገደል፣ ገና ሳይነጋ፣
ጀልባው ወደ ዳር ሲጠጋ፣
አባ ኮዳው በአንድ እግሩ ቆሞ እንደ ዕዳ ጠያቂ፣
እኔም ሚዛኔን ሰቅዬ፣ የሰው ድካም ጠባቂ።

አሥራ አንድ ዓመት ቆሮሶ መዘንኩ፤
አምባዛ መዘንኩ፣ ቢልጫ መዘንኩ።
ከኪሎው ሳህን ሥር፣ ዓይን ከማይደርስበት፣
አውራ ጣት የምታህል እርሳስ ለጥፌበት፣
ለነጋዴው ጨመርኩ፣ ካጥማጁ ቀነስኩ።
ሃምሳ ግራም ምን አላት? አንድ ጉርሻ አትሞላ፤
አሥራ አንድ ዓመት ሲሆን ግን የሰው ቤት ተበላ።

አንድ እሑድ ሰባኪው አነበበ፣
ግድግዳ ላይ ጣት ስለጻፈበት ንጉሥ፣
በሚዛን ወጥቶ ቀሎ ስለተገኘው።
ጉባኤው አሜን አለ።
እኔ እጄን ኪሴ ውስጥ ደበቅሁ፤
ዓሣ ዓሣ ይሸት ነበር።

ደብተር ገዛሁ ከፒያሳ፣ ባለ መቶ ገጽ ከነመስመሩ፤
በአንዱ እርሳስ የሰረቅሁትን በሌላው ጻፍኩት ከነቁጥሩ።
የሌዳሞ ይህን ያህል፣ የዳንጊሶ ይህን ያህል፤
ለሞተው ለሀሜሶስ ለማን ይከፈላል?
ረቡዕ ጾምኩ፣ ዓርብ ጾምኩ፣ አሥራቴን አጥፌ ሰጠሁ፤
ጎህ ሳይቀድ ታቦርን በጉልበቴ ወጣሁ፣
የኛን ታቦር፣ ከላዩ ሲቆሙ ሐይቁ የሚታየውን፣
ብርሃን የወረደበትን ሳይሆን ስሙን ብቻ የወረሰውን።
ጌታ ሆይ፣ አልኩ፣ በየወሩ እከፍላለሁ፣ ቀስ በቀስ፤
ደረሰኝ ብቻ ስጠኝ፣ ልቤ እንዲመለስ።

ሌሊት ሳነብ ግን አንድ ነገር አሰናከለኝ።
ከትንሣኤው በኋላ፣ በዚያ ባሕር ዳርቻ፣
መረቡ ሞልቶ ሲጎተት፣
"መቶ አምሳ ሦስት" ይላል። ሳቅሁ። ዓሣ ነው፣ ይቆጠራል፤
ከመካከላቸው አንዱ እንደኔ ሚዛን ያውቃል።
ቀና ብዬ ግን ከቁጥሩ በፊት ያለውን አየሁ፦
ገና ሳይጎትቱ፣ ገና ሳይቆጥሩ፣
ፍም ነበር፤ በላዩም ዓሣ።
ከየት መጣ ያ ዓሣ?
ከመረባቸው አይደለም።
አልተቆጠረም፣ አልተመዘነም፣
ማን እንዳጠመደውም አልተጻፈም።
ሌላ ፍም ዳር ሲሞቅ ሦስት ጊዜ የካደውም
ቁጭ ብሎ በላ፤ "ስንት ነው?" ያለው የለም።

ቅዳሜ ማታ ደብተሬን ይዤ ሌዳሞ ዘንድ ሄድኩ።
መረቡን በእግሩ ጣት ወጥሮ ይሰፋል።
"አውቃለሁ" አለኝ ሳልጨርስ፣ "ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ።
እጄ ከሚዛንህ በፊት ይመዝናል።"
ታዲያ ለምን ዝም አልክ?
መርፌውን በጥርሱ ያዘ።
"ሦስት ዓመት ረገምኩህ፣ በጀልባም በቤትም፤
ኋላ ደከመኝ። እርግማን መቅዘፊያ የለውም።"

የመጀመሪያውን ክፍያ ዘረጋሁ፣ ሁለት ሺህ ብር።
አላየውም። ደብተሩን ተቀበለ፣
የራሱ ስም ያለበትን ገጽ ገነጠለ፣
ሁለት ቆሮሶ ጠቀለለበት፣
"ልጆችህ ይብሉ" አለ።

ተቆጣሁ። እውነቴን ነው፣ ተቆጣሁ።
ከፍዬ ቀና ብዬ ልሄድ ነበር የመጣሁት።
በነጻ ሲሉህ እጅህን የት ታደርገዋለህ?
ኩራትህንስ?

ባጃጅ ውስጥ ወረቀቱ ረጥቦ ሟሸሸ፤
ቁጥሩ በቅርፊቱ ላይ ተለጠፈ፣
ሰባቱ ከዘጠኙ አይለይም።
ለሠራ ሰው ደመወዙ ዕዳ ነው ይላል፣ ላልሠራው ግን...
እዚያ ላይ ሁልጊዜ ድምፄ ይቆማል።

ዛሬም እመዝናለሁ። እርሳሷን አልጣልኳትም፣ ኪሴ ውስጥ አለች።
የቀሩትን እየዞርኩ እከፍላለሁ፤
የሚቀበል አለ፣ የሚሰድበኝም አለ።
ለመዳን አይደለም አሁን፤
የዳነ እጅ የሰው ነገር ስለሚከብደው ነው።

የሀሜሶን ገጽ ግን ማንም አልገነጠለልኝም።
ሲመሽ እሱን እገልጣለሁ።
ሐይቁ ይጠቁራል፣ አባ ኮዳው እግሩን ይቀይራል፣
ከማዶ፣ የማን እንደሆነ የማላውቀው፣
ፍም ይታየኛል።