በጓንት ካርቶን ጀርባ

ሌሊቱ ሲጋመስ፣ ዝናቡ የኢሎኢሎን ቆርቆሮ ሲደበድብ፣
ሃያ ስድስት አልጋ፣ እኔና ፐርሊታ፣
ደወሉም የሚንተባተብ።
ጓንቱ ላብ አቁሯል፣ መነጽሩ ጉም ለብሷል፣
የአሥራ ሁለት ቁጥሯ ኦክስጅን ሊያልቅ ደርሷል፤
ፐርሊታ ትሮጣለች፤ ደወል ከፊቷ፣ ደወል ከኋላዋ፣
ሁለት እጅ፣ ሁለት እግር፣
ይኸው ነው ሁለመናዋ።

ዓሣ ነጋዴው ዴንስዮ፣ የአሥራ አራት ቁጥር አልጋ፣
ደወሉን እንደጨበጠ አገኘነው ሲነጋ።
አውራ ጣቱ ቁልፉን ሙጥኝ እንዳለ ነው፤
ፐርሊታ ስታላቅቀው ቀስ አለች፣ እንዳያመው።

በሩ ላይ ባነር አለ፣ «ጀግኖቻችን» ይላል፣
ዝናብ የነካው ጫፉ ቀለሙን ያለቅሳል።
ከሥሩ አልፈን ስንገባ፣ ገና ሳንቀይር ልብስ፣
ፖስታ ታደለን፤ ይሰናበታል ስድስት ነርስ፣
«በጀቱ ስለሳሳ»።
ሳሳ! ጓንታችንም ሳሳ፣ እንቅልፋችንም ሳሳ፣
የዴንስዮ እስትንፋስ እንደ ክር ሳሳ፤
ለማን ነው ታዲያ በጀቱ እንዲህ የሳሳ?

ፐርሊታ በአሥራ አንድ ዓመት፣ ከ«ግፊቱ ስንት ነው?» ሌላ
ቃል አይወጣትም፤ ምሳዋም ብቻዋን፣ ከደረጃው ሥር ተጠልላ።
ያን ጠዋት የጓንት ካርቶን ቀደደች፣ ጀርባው ላይ ጻፈች፦
«ለስምንት ታማሚ አንድ ነርስ። ስድስቱ ይመለሱ።
ሰው ደወል ጨብጦ አይሙት።»
ስሟን ከሥሩ ፈረመች።

እኔ ዘጠነኛ ነኝ። ደፋር ነኝ አልልም፤
ኮንትራቴ የሦስት ወር ነው፣ የልጄ ወተት ግን ወር አይጠብቅም።
ካርቶኑን ሁለት ቀን በጃኬቴ ኪስ አዙሬ፣
በሦስተኛው ፈረምኩ፣ ለማንም ሳልናገር፣ አፍሬ።

ሞተር ብስክሌት ማቆሚያው ላይ ሁለት ሁለት ሜትር ተራርቀን ቆምን፤
ንግግሩ ማስክ ውስጥ ቢታፈን፣ በዓይን ተነጋገርን።
ሚስተር ቪያሩስ በመስኮት፣ «ማኅበር? በዚህ ክፉ ቀን?»
«ለደግ ቀንማ» አለች ኤርሊንዳ፣ «ማኅበር ምን ሊያደርግልን?»

የሚስማማ እጁን ያንሣ ተባለ።
ሠላሳ፣ አርባ ሰማያዊ ጓንት ከፍ አለ።
ቆጥረን ሳንጨርስ ከሦስተኛው ፎቅ
ደወሉ ተንተባተበ፤
ፊታችን ሁሉ ወደ መስኮቱ ተሰበሰበ።
ቆጠራው ተቋረጠ። ፐርሊታን ግን
ደረጃውን ስትወጣ አየኋት፣ ሁለት ሁለቱን እየዘለለች፤
እጇን አላወረደችም፣
እንደተነሣ ይዛው ሮጠች።