ቅጠሉ የማን ነው?

ቱሉ ዲምቱ ጀርባ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
የውሃው ቦቴ እንኳ ሲፈራ የኛን ጭቃ፣
ዕቁቡ ወጣልኝ፤ በሐምሌ አንድ ማለዳ
ሃያ አንድ ጫጩት ይዤ ገባሁ ጓዳ።
«የነሱስ ሂሳብ?» ሲል ቀለደ ረዳቱ፣
ካርቶኑ ሲንጫጫ እግሩ ሥር ከፊቱ።

አምና ፈንግል ገብቶ አንገት ጠመዘዘ፤
ከዓርብ እስከ ሰኞ ግቢው ቀዘቀዘ።
መንገሻ ጉድጓዱን ሲቆፍር ዝም አለ፤
እኔም አልተነፈስኩ፤ ዝምታው ቀጠለ።
ከክር ፋብሪካው በጡረታ ከወጣ፣
ልጆቹም ከሄዱ፣
ጤፍ አልነበረም ከቤታችን የታጣ፤
ወሬ ነበር።

ዘንድሮ ግን ማልዶ ወረደ አቃቂ፤
ጆንያ አዝሎ ተመለሰ፣ ሆኖ አዋቂ።
መነጽሩን ሰካ፣ ወረቀቱን ገለጠው፤
እንደ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ጮክ ብሎ አነበበው፦
«የጫጩት መኖ ነው፣ መድኃኒት ያለበት፤
ደም የሚያስቀምጠው እንዳይገባ ከቤት።»
«ገና ሳይታመሙ?» አልኩት።
«ሳይቃጠል በቅጠል!» አለኝ ደረቱን ነፍቶ።
«ቅጠሉማ እኔ ጋ ነው!» አልኩ፣ ድምፄ ጎልቶ።

ዲንቄ ከአጥር ማዶ ግራዋ ወረወረች፤
«ፌጦም ጨምሪበት፣ ሽንኩርትም» መከረች፤
«የናቴ ዶሮዎች በሱ ነው ያረጁ!»
ሳያረጁ ያለቁትን አልቆጠረችም እንጂ።

ነጭ ሽንኩርት ወቀጥኩ፣ ውሃቸው ውስጥ ጣልኩኝ፤
እሱ ወጣ ሲል መኖውን አነሣሁኝ፣
ክክ በቆሎዬን ተካሁ። እኔ ዞር ስል ደግሞ
ውሃዬ ይደፋል፣ ንጹሕ ይቀዳል በቦታው።
«ኬሚካል!» «ጥንቆላ!» ተባባልን እስኪመሽ።
እንዲህ ያለ ጠብ ካየን ስንት ዓመታችን ነው?
ወጡ አረረ።
ደስ አለኝ።

ሰናይት ከወረዳው በሞተር መጣች፤
ከትከሻዋ የክትባት ሳጥን አወረደች፤
ለየጫጩቱ ዓይን አንድ ጠብታ ጣለች።
«ለፈንግል ይሄ ነው፤ መኖው አይመልሰው፤
የእርስዎም ሽንኩርት፣ እማማ፣ ሽታው ነው የሚቀረው።»
ከዚያ ጎንበስ ብላ ሰጋቱራ ዘገነች፤
በመዳፏ ጨመቀች፤ ውሃ ጠብ ሲል አየች።
«ይሄ እርጥብ እያለ» አለች፣
«ሁለታችሁም ተሸንፋችኋል።»

ሌሊት ስምንት ሰዓት መብራቱ ጠፋ፤
ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ጠጠር ደፋ።
እጄን ብዘረጋ፣ ባዶ። ተነሣሁ፤
በዳበሳ ሄጄ ጓዳውን አየሁ።
መንገሻ በስልኩ መብራት ተንበርክኮ፣
የረጠበውን ዝቆ፣ ደረቁን በትኖ፣
ሙቅ ውሃ በጠርሙስ፣ በካልሲው ጠቅልሎ
መሀላቸው አጋድሞ፣
ሙቀጫዬን በፎጣ ሸፍኖ፣ እንዳትነቃ ብሎ፣
ቀስ እያለ ይወቅጣል።
ሽንኩርት።

ልናገር አፌን ስከፍት ቀና አለ።
እጄን አየ።
ጣሳ ሙሉ የሱን መኖ ይዣለሁ።
ከካርቶኑ ጥግ የደም ጠብታ ካየሁ
ሦስት ሌሊት ሆኖኛል፤
በቆሎዬን እያነሣሁ፣ ሳይሰማኝ፣
የሱን ስመልስ።

አልሳቅንም። ፈቀቅ አለልኝ።
ጫጩቶቹ ጠርሙሱን ከበው ተኝተዋል፤
አንዷ ብቻ ቆማለች፣ ያቺ አንካሳዋ፣
ዓይኗን ጨፍና፣ ክንፏን ጥላ።

ጠዋት ሞታ አገኘናት።
«ከሽንኩርትሽ ነው!» «ከመኖህ ነው!» እስከ እኩለ ቀን።
ጉድጓዷን ሲቆፍርም አላቆመም፤ እኔም አላቆምኩም።

ሃያ ቀሩ። ዝናቡ ሲያባራ
ወደ ጣውላ ቤት ወረድን፣ ለሰጋቱራ፤
ጆንያውን እሱ ያዘ፣ ጃንጥላውን እኔ።
ጭቃው አንድ ጫማዬን ሲውጥ ቆሞ ጠበቀኝ፤
ክንዱን ሰጠኝ፤ ያዝኩት።
«ቅጠሉ ግን…» ብሎ ጀመረ።
«የኔ ነው!» አልኩት፣ ሳላስጨርሰው።